ጠበንጃ በቤት ውስጥ፤ ስለ አቀማመጡና ስለ አዘገጃጀቱ



ጠበንጃ በአገራችን በብዙ ሰው ቤት ከዕቃ ሁሉ ተለይቶ በክብር የሚታይ መሆኑ የታወቀ ነው። አባት ለልጁ ያወርሰዋል፤ ልጅም የአባቱን ስም የተቀበለ ያህል ቈጥሮ ይይዘዋል። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተገኘው ድል፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረውም የወረራ ዘመን አርበኞች በየዱሩና በየገደሉ የፈጸሙት ተጋድሎ፥ ጠበንጃን በሕዝባችን ልብ ውስጥ የነጻነት ምልክት አድርጎታል። ስለዚህ ስለ ጠበንጃ ጥንቃቄ መናገር ለፈሪ ብቻ የሚገባ ምክር መስሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። እኛ ግን በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ይህን ነገር ማንሣታችን የጠበንጃን ክብር ለመቀነስ ሳይሆን፥ ቤት እንዲጠብቅ የተቀመጠው መሣሪያ ተመልሶ የቤቱን ሰው እንዳይወጋ ለማሳሰብ ነው።

በችሎት ጸሐፊነት ሥራችን የከሳሽንና የተከሳሽን፥ የምስክርንም ቃል ስንመዘግብ ብዙ ዘመን ኖረናል። በጠበንጃ ሳይታሰብ ሰው የሞተበት ነገር በቀረበ ጊዜ ባላገሩም ሹሙም፥ ሽማግሌውም ጐልማሳውም፥ አስቀድመው እንደ ተማከሩ ሁሉ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ ይኸውም «ባዶ መስሎኝ ነበር» የሚል ነው። በጨዋታ ወንድሙን የመታ ወንድም እንዲህ ይላል፤ ሚስቱን ላስደንግጣት ብሎ ያነጣጠረ ባል እንዲህ ይላል፤ አንደኛው ልጁ ሁለተኛውን የገደለበት አባትም ጠበንጃውን ከማዕዘን ያቆመባትን ሰዓት እየረገመ እንዲሁ ይላል። ቃላቸው ውሸት አይደለም፤ በእውነት ባዶ መስሏቸዋል። ነገር ግን መዝገቡ ተዘግቶ ፍርዱ ከተነበበ በኋላ የሞተው አይነሣም። እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ዋና ቃል ይህ ነው፤ በቤት ውስጥ ያለ ጠበንጃ ባዶ የሚባለው በዓይን ታይቶ በጣትም ተዳስሶ ሲረጋገጥ ነው እንጂ በመምሰል አይደለም፤ ባዶነቱ ከተረጋገጠም በኋላ ተቈልፎ ሊያድር ይገባዋል።

ልማዱ ከወዴት እንደ መጣ

«አባቶቻችን ጠበንጃቸውን ከምሰሶ ወይም ከግድግዳ ላይ ሰቅለው ይኖሩ አልነበረምን?» የሚል ጠያቂ ቢኖር መልሱ ከመሣሪያው አሠራር ይገኛል። ውጅግራ የምንለው ጠበንጃ ስሙን ያገኘው ፈረንሳዮች በአውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ካወጡት ግራ ከተባለው ጠበንጃ ነው፤ ስናድርም ከእርሱ የቀደመ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚጐርሱት አንድ ጥይት ብቻ ስለ ሆነ፥ ተኳሹ እያንዳንዱን ጥይት ከዝናሩ እያወጣ በእጁ ማጕረስ ነበረበት። ጥይትም በዚያ ዘመን ውድ ነበረ፤ እንዲያውም እንደ አሞሌ ጨው በገበያ መገበያያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ጠበንጃው ከምሰሶው ላይ ቢሰቀል ጥይቱ በዝናር ተሰክቶ ከባለቤቱ ወገብ ወይም ከራስጌው የሚገኝ ነበር። ስለዚህ የጠበንጃና የጥይት መለያየት፥ ማንም ሳያዝዘው፥ ከአሠራሩ የተነሣ ቤቱን ይጠብቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ግን ጥይትን በሆዳቸው የሚሸሽጉ ናቸው። ለበን የምንለው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1886 የወጣው የፈረንሳይ ጠበንጃ፥ ከአፈሙዙ በታች ባለው ቱቦ 8 ጥይት ይይዛል። በ1947 በሶቪየት ኅብረት የተሠራው ክላሽንኮቭም በካዝናው 30 ጥይት ይይዛል። መሣሪያው ተለወጠ፤ ጥይቱም ከዓይን ተሰወረ፤ የመስቀሉ ልማድ ግን እንደ ነበረ ቀረ። የአደጋው ሥር ያለው ከዚህ ላይ ነው።

ጠበንጃን ባዶ ስለ ማድረግ

ባለቤቱ ከውጭ ሲመለስ፥ ወደ ቤት ሳይገባ፥ በደጅ ሳለ የሚፈጽመው ሥርዓት አራት ነገር ነው። አንደኛ፥ አፈሙዙን ሰውም ከብትም ወደሌለበት፥ ወደ ለስላሳ መሬት ይመልሳል፤ ጣቱንም ከምላጩ ያርቃል። ሁለተኛ፥ ካዝናውን ይነቅላል። ሦስተኛ፥ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስቦ በጕሮሮው ውስጥ የቀረ ጥይት ቢኖር ያወጣል። አራተኛ፥ በብርሃን ውስጡን ይመለከታል፤ በትንሿ ጣቱም ይዳስሳል።

ይህ ተራ ሊገለበጥ አይገባውም። ካዝናውን ሳይነቅል አስቀድሞ ማቀባበያውን የሚስብ ሰው አንዱን ጥይት አውጥቶ ሌላውን ያጐርሳል፤ ከዚያም በኋላ ካዝናውን ነቅሎ «ባዶ ነው» ብሎ ያስቀምጠዋል። ካዝናውን ብቻ ነቅሎ የሚተውም ሰው እንዲሁ ይስታል፤ አንዱ ጥይት በጕሮሮው ውስጥ ይቀራልና። «ባዶ መስሎኝ ነበር» የሚለው ቃል ከሚወለድባቸው ስሕተቶች ዋናዎቹ እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ጥይቱን በሆዱ የሚይዘው የቀድሞ ጠበንጃ ከሆነ ደግሞ፥ አንድ ጥይት በመውጣቱ ሳይረኩ፥ እስኪያልቅ ድረስ እየሳቡ ማውጣት፥ በመጨረሻም ውስጡን መመልከት ያስፈልጋል። ባዶነቱን በምላጭ የሚሞክር ሰው ግን ጥያቄውን ለሞት ያቀረበ ነው፤ መልሱንም ከሞት ይቀበላል።

ስለ አቀማመጡ

ለቤት መሣሪያ የሚሻለው ማደሪያ ከግድግዳው ወይም ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ፥ ጠንካራ ቍልፍ ያለው የብረት ሣጥን ነው። የብረት ሣጥን ያልተገኘ እንደሆነ ከወፍራም እንጨት የተሠራ፥ ማጠፊያው ከውስጥ የሆነና በቍልፍ የሚዘጋ ሣጥን ይበጃል። ከፍ ባለ ቦታ ማስቀመጥ፥ ከአልጋ ሥር መሸሸግ፥ በልብስ መጠቅለል፥ ይህ ሁሉ ማስቀመጥ አይባልም። ልጅ በርጩማ ደራርቦ ይወጣል፤ አባት የሸሸገውንም ዕቃ ማግኘት ለልጅ ጨዋታ ነው።

ጥይቱ ከጠበንጃው ተለይቶ በሌላ ሣጥን፥ በሌላ ቍልፍ፥ እርጥበት በሌለበት ስፍራ ይቀመጥ። ቍጥሩም በመዝገብ ይጻፍ፤ በየወሩም ይቈጠር። ቍልፉ ከበር ራስ ላይ፥ ከትራስ ሥር ወይም ከሥዕል ጀርባ አይቀመጥ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስፍራ መቈለፊያውን ከንቱ ያደርገዋልና። ባለቤቱ ቍልፉን በአንገቱ ማተብ ላይ ቢያስረው ወይም ከሰውነቱ በማይለይ ቦታ ቢይዘው ይሻላል።

በአሜሪካ አገር በ2005 በታወቀ የሐኪሞች መጽሔት የታተመ ጥናት አራት ነገሮችን መርምሮ ነበር፤ እነርሱም ጠበንጃን መቈለፍ፥ ጠበንጃን ያለ ጥይት ማስቀመጥ፥ ጥይትን መቈለፍ፥ ጥይትንም ከጠበንጃ ለይቶ ማስቀመጥ ናቸው። እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው በሕፃናትና በወጣቶች ላይ ከሚደርሰው የጠበንጃ ጕዳት ማነስ ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኝተዋል። አንዱ ብቻውን ይህን ያህል ከጠቀመ፥ አራቱን አንድ ላይ የሚፈጽም ቤት እንደምን ያለ ጥበቃ ያገኝ ይሆን?

ስለ ልጆች

«ልጄ ታዛዥ ነው፤ አትንካ ብዬዋለሁ» የሚል አባት ብዙ ነው። መምከሩ መልካም ነው፤ ሊቀርም አይገባውም። ነገር ግን በ2001 በዚያው በአሜሪካ አገር የታተመ ሌላ ምርመራ የምክርን ልክ ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆነ ወንዶች ልጆችን ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት እያደረጉ በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲጫወቱ ተዉአቸው፤ በክፍሉም መሳቢያ ውስጥ ጥይት የሌለው እውነተኛ ሽጕጥ ተሸሽጎ ነበር። ካገኙት ልጆች ብዙዎቹ አነሡት፤ ምላጩንም የሳቡ ነበሩ። ከነኩትም መካከል የሚበዙት ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ አስቀድሞ የተነገራቸው ልጆች ነበሩ። እንግዲህ ምክር ለልጅ ጆሮ ነው፤ ለእጁ ግን መቈለፊያ ያስፈልገዋል።

ልጆችን ማስተማር የሚገባው በአጭር ቃል ነው። መሣሪያ ብታይ አትንካ፤ ከዚያ ስፍራ ራቅ፤ ወዲያው ለአባትህ ወይም ለእናትህ ንገር። ልጁ መጥቶ የተናገረ እንደሆነ ይመስገን እንጂ «ማን አሳየህ» ተብሎ አይገረፍ፤ የተገረፈ ልጅ በሌላ ጊዜ ያየውን ይደብቃልና።

ስለ እንግዳና ስለ ግብዣ

በዚህ ነገር የእመቤቲቱ ድርሻ ከባለቤቱ አያንስም። እንግዳ ጠበንጃ ይዞ የመጣ እንደሆነ ከበሩ ጥግ ወይም ከወንበሩ ጐን አቁሞት እንዲቀመጥ መፍቀድ አክብሮት አይደለም። ባለቤቱ ወጥቶ በደጅ ይቀበለው፤ እንግዳውም በገዛ እጁ ባዶ አድርጎ ይስጠው፤ መሣሪያው በሣጥን ይግባ፤ ሲሰናበትም እንዲሁ በደጅ ይመለስለት። እመቤቲቱም «ጋሼ፥ እርስዎ በደኅና እንዲጫወቱ መሣሪያዎን እናሳርፍልዎ» ብትል የሚቀየም ጨዋ አይኖርም።

ጠጅና ጠበንጃ በአንድ አዳራሽ ሊገናኙ አይገባቸውም። በሠርግና በበዓል ወደ ሰማይ የመተኰስን ልማድም ትተነው ብንገኝ ይበጃል። የጠበንጃ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ወደ ላይ የተተኰሰው ከማን ጣራ ላይ፥ ከማንስ ልጅ ራስ ላይ እንደሚወርድ ተኳሹ አያውቅም።

ስለ እንክብካቤው

የተዘነጋ መሣሪያ በሚያስፈልግበት ቀን ይከዳል፤ በማያስፈልግበትም ቀን ይጐዳል። ስለዚህ በየጊዜው ባዶነቱ ከተረጋገጠ በኋላ፥ ጥይት በሌለበት ክፍል ውስጥ፥ ልጆችም በሌሉበት ይወልወል። የአፈሙዙ ውስጥ በዘንግና በጨርቅ ይጠረግ፤ ከዚያ በኋላ በስሱ ዘይት ይቀባ፤ የበዛ ዘይት አቧራ ይሰበስባልና። የቀድሞ ዘመን ጥይት የተኰሰ ሰው ደግሞ በዘይት ብቻ አይጥረገው፤ የእነዚያ ብዙዎቹ ሲፈነዱ ጨው ይተዋሉ፤ ጨውም እርጥበት ስቦ ብረቱን ያዝጋል። ጨው የሚሟሟው በዘይት ሳይሆን በውኃ ስለ ሆነ፥ በፈላ ውኃ አጥቦ፥ ፈጽሞ አድርቆ፥ ከዚያ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። አረንጓዴ ዝገት የያዘ፥ የተጨረመተ ወይም ለዚያ ጠበንጃ ያልተሠራ ጥይት ከቶ አይጕረስ፤ ለፖሊስ መሰጠት ይገባዋል እንጂ።

ስለ ሌሊት አዘገጃጀት

አንዳንድ ሰው «ሌባ ቤቴን በሚሰብርበት ጊዜ ቍልፍ ስፈልግ ልገኝን?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። መልሱ ግን ጠበንጃውን አጕርሶ ከራስጌ ማሳደር አይደለም፤ በሩን ማጠንከር ነው። ጠንካራ መወርወሪያ ያለው በር፥ የሚጮኽ ውሻ፥ በግቢው የሚበራ መብራት፥ ከጎረቤት ጋር የተደረገ ስምምነት፥ እነዚህ ሁሉ ለባለቤቱ ጊዜ ይሰጡታል። ሣጥኑን ለመክፈት የሚወስደውን ጥቂት ጊዜ በሩ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው መከላከያ በር ነው፤ ሁለተኛው ጩኸት ነው፤ ሦስተኛው ለፖሊስ መደወልና ጎረቤትን መጥራት ነው፤ ጠበንጃ ከሁሉ በኋላ የሚመጣ ነው።

ባለቤቱ ይህን ሥርዓት በቀን፥ በረጋ ልብ፥ ጥይት በሌለበት ይለማመደው። ሣጥኑን በጨለማ በእጁ ዳስሶ መክፈት፥ መሣሪያውን ማውጣት፥ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ መቆም፥ እነዚህን ከለመደ በሌሊት አይደናገጥም። ቤተ ሰቡም አንድ መሰብሰቢያ ክፍል አስቀድሞ ይለይ፤ ጩኸት በተሰማ ጊዜ እናትና ልጆች ወደዚያ ገብተው በሩን ይዝጉ፤ ማንም በቤት ውስጥ አይዘዋወር። ይህ ከሆነ ባለቤቱ በጨለማ የሚያየው ጥላ የልጁ እንዳልሆነ ለማወቅ ይቀልለዋል።

አደጋው እውነተኛ ሆኖ መሣሪያውን ለማውጣት ቢገደድ እንኳ ሦስት ነገር አይርሳ። አንደኛ፥ ከፊቱ ያለው ማን እንደ ሆነ በዓይኑ ሳያውቅ ጣቱን ወደ ምላጩ አያስገባ፤ «ማነህ?» ብሎ ይጠይቅ፥ ያብራ፥ ይመልከት። አምሽቶ የሚመለስ ወንድም፥ ውኃ ሊጠጣ የተነሣ ልጅ፥ ሰክሮ በር የሳተ ጎረቤት፥ እነዚህ ሁሉ በጨለማ ሌባ ይመስላሉ። ሁለተኛ፥ ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ግድግዳ፥ የቈርቈሮም በር፥ የጠበንጃን ጥይት አያቆሙም፤ የክላሽንኮቭ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በአንድ ሴኮንድ 700 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከግድግዳው ማዶ ማን እንደሚተኛ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፥ የሚሸሸውን አያሳድድ፤ ንብረት ይተካል፤ ነፍስ ግን አይተካም። ነገሩ ካለፈም በኋላ፥ የቱንም ያህል ቢደክም፥ መሣሪያውን ባዶ አድርጎ ጥይቱን ቈጥሮ ወደ ሣጥኑ ሳይመልስ አይተኛ፤ ልጆች በማግሥቱ ከእርሱ ቀድመው ይነሣሉና።

ስለ ሕጉ

የቤት መከላከል በሕግ የታወቀ መብት ነው፤ ነገር ግን ወሰን አለው። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 እንኳ ሌሊት ቤት ሲሰብር ተገኝቶ የተመታው ሌባ ነገር ፀሐይ ከወጣችበት በኋላ ከተመታው ተለይቶ ተጽፏል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78፥ ሰው ራሱን ወይም ሌላውን ከሕገ ወጥ ጥቃት ለማዳን የሚያደርገው መከላከል እንዳያስቀጣው፥ ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፥ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ያስፈልጋል ይላል። በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ደግሞ በአንቀጽ 543 ይቀጣዋል፤ «ባዶ መስሎኝ ነበር» ማለትም ከዚህ አያድንም። የጦር መሣሪያን ስለ ማስተዳደርና ስለ መቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1177 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ ከአባት የተወረሰም ቢሆን ፈቃድ ሳያወጡ በቤት ማኖር አይገባም።

ስለ ኀዘንና ስለ ንዴት ጊዜ

በመጨረሻ ብዙ ሰው የማይናገረውን አንድ ነገር እንናገር። መሣሪያ ከሌባ ይልቅ የሚያስፈራው በቤት ውስጥ ጠብ በበረታ ጊዜ፥ ወይም ከቤተ ሰቡ አንዱ በጽኑ ኀዘን ተይዞ ከሰው በተለየ ጊዜ ነው። ንዴትም ኀዘንም ያልፋሉ፤ በእነርሱ ሰዓት የተሳበ ምላጭ ግን አይመለስም። እንዲህ ያለ ወራት በቤት የገባ እንደሆነ፥ ቤተ ዘመድ ተማክሮ መሣሪያው ሕግ በሚፈቅደው መንገድ ለጊዜው ከቤቱ እንዲወጣ፥ ቢያንስም ቍልፉ በሌላ በታመነ ሰው እጅ እንዲሆን ያድርግ። ይህን ማድረግ የባለቤቱን ክብር አይነካም፤ ለቤቱ የሚያስብ መሆኑን ያሳያል እንጂ። ያዘነውንም ሰው ብቻውን አለመተው፥ ወደ ሐኪም መውሰድ፥ ቀርቦም ማነጋገር ይገባል።

አገራችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ትላለች። የምንመክረው ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ሁለት ሣጥን፥ ሁለት ቍልፍ፥ አንድ መዝገብ፥ በየማታውም ጥቂት ትዕግሥት ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበቡ አባወራና እማወራ ዛሬ ማታ ከመተኛታቸው በፊት በቤታቸው ያለው መሣሪያ ወዴት እንዳለ፥ ጐርሶ እንደ ሆነ፥ ቍልፉስ በማን እጅ እንዳለ አብረው ይመርምሩ። እኛም ከእንግዲህ ወዲያ ያን የታወቀ ቃል ከአንባቢዎቻችን ከአንዱም አፍ ሰምተን በመዝገብ እንዳንጽፈው ምኞታችን ነው።